ራዲያተሩ ለምን ቀዘቀዘ?

ጅማ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለዚያች ቀይ መኪና የሚያወራው ሁሉ ውሸት ነው። እርግማን አልነበረባትም። ጥሏት የሄደውን ጌታዋን ናፍቃ አላለቀሰችም፤ ሹሙን ንቃ አልፈላችም፤ የጅሬን አቀበት ላይ የቆመችውም አውሊያ አስቁሟት አይደለም። ይህን ተረት ልቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ሠርግ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜማ ከእኔ ሃያ ዓመት የሚያንስ ሰው በዓይኑ ያየ አስመስሎ አጫውቶኛል። እስኪጨርስ አዳመጥሁት። ተረቱ ደስ ይላል፤ ይመቻልም። መኪናይቱ ራሷ ጥፋተኛ ከሆነች ሌላ ጥፋተኛ መፈለግ የለም። እውነቱ ግን የዶሮ እንቁላል የምታህል የናስ ቁራጭ ናት፤ ይህን ስጽፍ ከወረቀቴ በስተግራ ተቀምጣለች።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ጠረን ነው። ባለፈው ዓመት የድሮ ባልደረባዬ አርፎ ለቅሶ ልደርስ ጅማ ወርጄ ነበር። ስመለስ፣ ገና ከከተማው ሳልወጣ፣ ጊንጆ ላይ የመኪናዬ የሙቀት መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ባጃጆቹ በግራ በቀኝ እየጮኹብኝ ዳር ይዤ ቆምሁና ኮፈኑን ከፈትሁ። የፈላ ውሃ፣ የዝገትና የጋለ ጎማ ጠረን አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ሰው ጠረን ሲመታው እናቱን ያስታውሳል ይባላል። እኔን ያስታወሰኝ አንድ መካኒክ ነው። ከመንገዱ ማዶ ካለች ጋራዥ አንድ ጎልማሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደኔ መጣ። ስለ እሱ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ በመጀመሪያ እኔ ለምን ልሸሸው እንደፈለግሁ ማወቅ አለባችሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ዕጣ ጅማ ጣለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከጉልበቱ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ፣ ኮሌታው የዝሆን ጆሮ የሚያህል ሸሚዝ፣ ማበጠሪያ ተሰክቶበት የሚውል አፍሮ ነበረኝ፤ ከብብቴ ሥር ደግሞ መጽሐፍ አይጠፋም። ሁሉንም አነብ ነበር፤ የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ሳይቀር ገልብጬ አነብ ነበር። ስለዚያ ዘመን «ፍቅር ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ የማስታውሰው ሰልፍ ነው። ለስኳር ሰልፍ፣ ለሳሙና ሰልፍ፣ ለቤንዚን ሰልፍ፤ ለሰላማዊ ሰልፍ እንኳ ስም ለማስመዝገብ መሰለፍ ነበረብን። ፈረንጅ አራዳ ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን እንደ ዳስ የሸፈኑበት ጥግ ላይ፣ ንስር የተቀረጸበት የጣሊያን ማሽን ያለው ቡና ቤት ነበረ። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም እንጠጣለን፤ ስኳር ሲጠፋ ከረሜላ በጉንጭ ይዘን እንጠጣለን፤ ዋጋው ግን አይነካም። ያለው ካሴት አንድ ብቻ ስለነበር ከመደጋገሙ ብዛት ተስቦ፣ ዘፋኟ ከሰዓት በኋላ ወንድ ወንድ ትል ጀመር። ማንም ቅር አላለውም። አሁን በዚያ ቦታ የሞባይል ሱቅ አለ፤ ሙዚቃው ጥርት ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ቅር ብሎታል።

መኪናይቱ የአንድ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ ነበረች። ሁለት በር፣ ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያለች የጣሊያን ስፖርት መኪና። ሰውዬው ግን በተሠራችበት አልረካም። ሞተሯን አውጥቶ ከአንድ ትልቅ መኪና የወጣ ሞተር አስገጠመባት፤ ሁለት ካርቡራተር ጨመረላት፤ ጎማዎቿን አሰፋ፤ የጭስ ማውጫዋን ቆርጦ ድምጿን አወቱ ወንዝ ድልድይ ድረስ አሰማ። ራዲያተሯን ግን አልቀየረውም፤ ለትልቅ ልብ የተሰጠ ትንሽ ሳንባ ነበር። በቡና ወቅት የቡ ከተማን በደቂቃዎች አልፎ አጋሮ ይገባ ነበር ይላሉ፤ ይህንንም እጠራጠራለሁ። የቡና መጋዘኑ ተወርሶ ሰውዬው ካገር ሲወጣ መኪናይቱ መፈልፈያው ግቢ ውስጥ፣ ከቡና ገለባ ክምር ሥር፣ ዓመታት ቆመች። ከዚያ ጓድ መነጽር አገኛት።

ጓድ መነጽር የከተማው ሰው ያወጣለት ስም ነው። ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ሹም ነበር። እውነተኛ ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ፣ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። ለኢምፔሪያሊዝም የነበረው ጥላቻ ከካኪ ልብሱ ጋር የተሰፋ ነበር፤ ቀይዋን መኪና ባየ ጊዜ ግን ጥላቻውን ለጊዜው አሳረፈው። መኪናይቱ በሰው ተገፍታ ኦቦ ነስሩ ጋራዥ ገባች።

ኦቦ ነስሩ የጅማ ሰው ነበሩ፣ የጊንጆ። አባታቸው የበቅሎ ኮርቻ ይሠሩ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ አደጉ። ጣሊያን ካገር ከወጣ ቆይቷል፤ ከጋራዥ ግን አልወጣም፤ ቴስታታውም፣ ካንዴላውም፣ ቺንጋውም እስከ ዛሬ አለ። ኦቦ ነስሩ በኦሮምኛ እያሰቡ፣ በአማርኛ እያወሩ፣ በጣሊያንኛ ይፈቱ ነበር። ፊደል ግን በየትኛውም አይቆጥሩም። ሦስት እግር ባላት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ የእጃቸውን ጀርባ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ እናት የታመመ ልጇን ግንባር እንደምትዳስሰው። «መዳፍ ይዋሻል» ይሉ ነበር፤ «መዳፍ ደንድኗል። የእጅ ጀርባ ገና አፋር ነው፣ እውነቱን ይናገራል።»

የጊንጆ ጋራዥ ሥራ ሥርዓት ነበረው። መኪና የሚመረመረው ከጠዋት ነው፤ ፍርድ የሚሰጠው ግን ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነው። ጫቱ ቀርቦ፣ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ልብስ ሰፊው ሁሉ ስለ ሞተሩ አስተያየት ይሰጣል፤ በማግሥቱ የሚፈታው በዚያ ስምምነት መሠረት ነው። እኔ ጫቱን አልችለውም ነበር፤ ሁለት ቅጠል ይዤ አመሻለሁ። ቢሆንም ትልቁ ትራስ ለእኔ ነበር። የተማርሁ ነኛ።

መኪናይቱ መጀመሪያ የታየባት ችግር ትንሽ ነበር። ሜዳ ላይ ደኅና ናት፤ የጅሬን አቀበት ላይ መርፌዋ ከፍ ይላል፣ ቁልቁል ስትመለስ ይወርዳል። ጉዳዩ በርጫ ላይ ቀረበ።

«ቤንዚኑ ነው» አለ ተካ፣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ጓደኛችን። «የኩፖን ቤንዚን ውሃ አለበት።»

«ውሃ ካለበትማ ይቀዘቅዝ ነበር» አለው ልብስ ሰፊው።

«አንተ ሱሪህን ስፋ!»

ኦቦ ነስሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ከሳምንት በፊት አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ መጽሔት እጄ ገብቶ ነበር፤ ስለ መኪና የሚያወራ ገጽ ነበረው፤ የገጹ ግማሽ ተቀዷል። ያገኘሁትን ግማሽ አንብቤአለሁ። ትራሴን አመቻቸሁና ተናገርሁ። ቴርሞስታት የሚባል ነገር አለ፣ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ መንገዱን የሚዘጋ የናስ በር ነው፣ ሞተር በበረዶ አገር ቶሎ እንዲሞቅ የተፈለሰፈ ነው አልኋቸው። «ጅማ ውስጥ ምን ያደርጋል? በበጋ ካፖርት ማልበስ እኮ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተካ ጭኑን እየመታ «ካፖርት! ካፖርት ለብሳ ነው ለካ!» አለ። ያጠፋችን ይህች ምሳሌ ናት። ነገሩን በደረቁ ብናገረው ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ይጠይቀኝ ነበር። ጥሩ ምሳሌ ግን ከእውነት በላይ ይጓዛል፤ ይህን የማውቀው ዕድሜ ልኬን ምሳሌ እየሠራሁ ስለኖርሁ ነው።

የጠየቁት ኦቦ ነስሩ ብቻ ነበሩ። «ቲቸር፣ ይህን የሠራው ሰው ጅል አልነበረም። ሰው ያለ ነገር ናስ አይቀርጽም፣ ወላሂ።»

«ኦቦ ነስሩ፣ ሰውዬው ጅማን አያውቃትም።»

ትንሽ አሰቡና ሳቁ። «ቶሌ፣ ይሁን። የተማረ ይግደለኝ።»

በማግሥቱ ናሷን አወጡና በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ጋራዡ ወግ ነበረው፤ ከመኪና የወጣ ዕቃ በሽታውን ላገኘው ሰው ይሰጣል። «ይቺ ያንተ ድርሻ ናት» አሉኝ። በመኪናይቱ መሳቢያ የተገኘውን፣ ከተገጠመው ሞተር ጋር የመጣውን የጣሊያንኛ መመሪያ መጽሐፍም ጨመሩልኝ። «ይኸን ደግሞ አንብብልን። እኛ ሥዕሉን ብቻ ነው የምናየው።» ጣሊያንኛ አላውቅም ነበር። ፈረንሳይኛ ስለቀማመስሁ «ያው ነው» አልሁና ከብብቴ ሥር አደረግሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናይቱ በሜዳውም ትፈላ ጀመር።

ያን ጊዜ ያስተዋለ ሰው ቢኖር «ያወጣችሁትን መልሱ» ይል ነበር። ግን ካፖርቷ እኮ ወልቃለች፤ ከወለቀ ካፖርት ሙቀት አይመጣም። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገባን። ኦቦ ነስሩ ራዲያተሩን ፈቱት፤ ክንፎቹ መሐል ተጠቅጥቆ የነበረ የቡና ገለባ ጣሳ ሞልቶ ወጣ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ሙቀት መነሻ ይህ ብቻ ነበር። ከእኔ ንግግር በፊት ቢያጸዱት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ እኔም ይህን አልጽፍም። አሁን ግን ጸድቶም ፈላች። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጠበቀ፤ ፈላች። የውሃው ፓምፕ ተለወጠ፤ ፈላች። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተከፍቶ፣ ከገበያ ጠፍቶ የነበረው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በእጅ ተቆርጦ ገባ፤ ፈላች። በመጨረሻ ኦቦ ነስሩ ከወደቀ ትንሽ የጭነት መኪና ላይ ትልቅ ራዲያተር አምጥተው አፍንጫዋን ቆርጠው ገጠሙላት። ስፖርት መኪናይቱ ጥርሷን ያገጠጠች ጅብ መሰለች። ፈላች።

በዚያን ቀን ነው ኦቦ ነስሩ እውነቱን የያዙት። እኔ ነኝ ከእጃቸው ያስጣልኋቸው። የሚፈላውን ሞተር ዳሰሱና እጃቸውን መለሱ፤ የእጃቸውን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ፤ ቆዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ቲቸር፣ ና እስቲ። ንካው።»

ነካሁት።

«ሞተሩ ኢቢዳ ነው፣ እሳት። ራዲያተሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። ለምን ቀዘቀዘ? ውሃው ወዴት እየሄደ ነው?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ጋራዥ ተጠይቆ አያውቅም። እኔ መለስሁላቸው። ራዲያተሩ ትልቅ ስለሆነ ጥሩ እያቀዘቀዘ ነው፣ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው አልሁ። በሙሉ ልብ አልሁ። እሳቸውም እጃቸውን አነሡ። አንድ ነገር ያልገባው ሰው ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጣል ይባላል፤ ይህም ውሸት ነው። የእኔ እንደ ደወል ነበር የሚጠራው።

በዚህ መሐል የአብዮቱ በዓል ደረሰ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ጓድ መነጽር ትልቁን እንግዳ አጠገቡ አስቀምጦ አጋሮ ድረስ ቡና ሊያሳየው አስቧል። ጋራዡ ድረስ መጥቶ ዙሪያዋን ዞረ፤ መነጽሩ ውስጥ መኪናይቱ ሁለት ሆና ትታያለች።

«ጓድ ነስሩ፣ እስከ በዓሉ ካልዳነች ይህ ብልሽት አይደለም። አሻጥር ነው።»

አሻጥር ያኔ ተራ ቃል አልነበረም። ሰው የሚያስገባ፣ የማያስወጣ ቃል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ኦቦ ነስሩ በርጫ ላይ ቅጠሉን በእጃቸው ይዘው ሳይቀጥፉት ይመሻል። ተካ አንድ ቀን «ኦቦ፣ ለምን ገራ ወረዳ፣ ዘመድ ጋ አይሄዱም?» ቢላቸው «መኪና ሳልፈታ? ከሄድሁማ አሻጥር ነው ማለት ነው» አሉት። የቀራቸው ተስፋ እኔ ብብት ሥር ነበር።

«ቲቸር፣ መጽሐፉ ምን ይላል?»

«እያነበብሁት ነው፣ ኦቦ ነስሩ። ከባድ ነው።»

አልከፈትሁትም ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ አልከፈትሁትም። ጣሊያንኛ አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ ከራሴም ደብቄው ነበር።

የከፈትሁት ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። ረፋድ ላይ፣ መምህራን ክፍል ብቻዬን ነበርሁ። ውጭ ተማሪዎቹ የሰልፍ ልምምድ ላይ ናቸው፤ የሸራ ጫማ ኮቴ፣ ፉጨት፣ «ቀኝ ዙር!» ይሰማል። ናሷን ወረቀት እንዳይበርብኝ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫት ነበር። መጽሐፉን ከፈትሁ። አንዲት ቃል ማንበብ አላስፈለገኝም። ገጹን የሞላው ሥዕል ነበር፤ ሞተር፣ ራዲያተር፣ መሐላቸው ያቺው ናስ፤ ሁለት ቀስትም ነበር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ናሷ የራዲያተሩን መንገድ ትዘጋለች፣ ውሃውም በአጭሩ መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ሲሞቅ ትለጠጥና የራዲያተሩን መንገድ ትከፍታለች፤ በዚያው ጊዜ በጀርባዋ አጭሩን መንገድ ትዘጋለች። አንድ በር፣ ሁለት ሥራ። እኔ ያነበብሁት ግማሽ ገጽ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሌሎች መኪኖች ላይ ጉዳቱ አይታይ ይሆናል፤ በዚህ ሞተር ግን ናሷ ስትወጣ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ቀረ። ውሃ ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አጭሩን ይመርጣል። የፈላው ተመልሶ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ራዲያተሩ ዳር ቆሞ ያያል። የቀዘቀዘው ለዚህ ነበር።

«እኛ ሥዕሉን ብቻ ነው የምናየው» ብለውኝ ነበር። መጽሐፉን እሳቸው ጋ ብተወው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይገባቸው ነበር። ማንበብ ስለምችል ወሰድሁባቸው።

ናሷን ኪሴ ከትቼ በሩጫ ወጣሁ። የአወቱን ድልድይ ስሻገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም ልናገር። ግማሽ ሰዓት ነው፣ አራት ቡሎን ነው፣ ኦቦ ነስሩ ይስቃሉ፣ እኔም «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» እላለሁ። ጋራዡ በር ላይ ጂፕ ቆሞ አየሁ፤ ጠብመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች አጠገቡ ነበሩ።

ጓድ መነጽር ጠዋት መኪናይቱን ሊሞክራት የጅሬንን አቀበት ወጥቶ ነበር። ፈላችበት። የውሃውን ክዳን ራሱ ሊከፍት ሞክሮ ከሞተሩ የገነፈለው ውሃ እጁን ገሽልጦታል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መነጽሩ እንደ ተሰካ፣ ኦቦ ነስሩ ፊት ቆሟል። እሳቸው ከበርጩማቸው ተነሥተዋል።

«ሌላ መካኒክ አይቷታል። ዕቃ ጎድሏታል አለኝ። ከዚህች መኪና ምን አወለቅህ?»

«አንድ ነገር አውልቄአለሁ ጓድ። ደብቄ አይደለም።»

«ማን አዘዘህ?»

ኦቦ ነስሩ ቀና ሲሉ በሩ ላይ አዩኝ። ረጅም ጊዜ ያዩኝ ይመስለኛል፤ ምናልባት ዐይን የመጨፈን ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚያ ዐይናቸውን ከእኔ አነሡ።

«ማንም አላዘዘኝም። እጁ የኔ ነው፣ ሐሳቡም የኔ ነው።»

«ዕቃው የት አለ?»

«ጠፋ።»

ጓድ መነጽር ዞሮ አየኝ። «መምህር! አንተስ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ናሷ በላቤ ረጥባለች። ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፦ ያስወለቅሁት እኔ ነኝ። ይኸውና፣ በግማሽ ሰዓት ይመለሳል።

«በዚህ ሳልፍ ነው፣ ጓድ» አልሁ።

«እለፋ!» አለኝ።

አለፍሁ።

ይህን የነገርኋቸው ጥቂት ሰዎች ሰበብ ያቀብሉኛል። «ብትናገር ሁለታችሁም ትገቡ ነበር» ይሉኛል። «ዘመኑ ነው» ይሉኛል። ይህ ዘመን የሚባል ነገር ስንቱን ተሸከመ! እኔ የማውቀው፣ መኪናይቱ በግማሽ ሰዓት ብትድን ኖሮ ጓድ መነጽር እንግዳውን ይዞ አጋሮ ይሄድ ነበር። ሰውዬው የፈለገው ደም አልነበረም፤ መታየት ነበር። እሱም እኔም የምንፈልገው ይህንኑ ነበር።

ኦቦ ነስሩ ሁለት ክረምት ታሰሩ። እኔ የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ዝውውር ጠይቄ ከጅማ ወጣሁ፤ ምክንያት በሚለው መስመር ላይ «የአየር ጠባይ» ብዬ ጻፍሁ። ሲፈቱ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ቡሎን አልይዝ ብለው ነበር አሉ። ቀይዋን መኪና ከዚያ በኋላ የደፈራት የለም። አንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ እንቁላል ስትጥልባት ኖረች፤ እርግማኗም እዚያው ተፈለፈለ።

እንግዲህ ወደዚያ ጨርቅ ይዞ ወደመጣው ጎልማሳ ልመለስ። «አይዞዎት ጋሼ፣ ይቀዘቅዛል» አለኝ። አልጠየቅሁትም። ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ እጁን ገለበጠና የእጁን ጀርባ ሞተሩ ላይ አሳረፈ።

«አባትህ ማን ይባላሉ?»

«ነስሩ። አላህ ይዘንላቸው። ያውቋቸው ነበር?»

«ስማቸውን ሰምቻለሁ» አልሁ። ያም አንድ ውሸት ነው፣ ቁጠሩልኝ።

አንዋር ይባላል። በርጩማዋን አወጣልኝና ሥራውን ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቷን እናውጣት። ለጅማ አየር አትሆንም። በበጋ ካፖርት ማልበስ እኮ ነው።»

ምሳሌዬ ከአርባ ዓመት በኋላ ገና ትኩስ ናት። ማን እንዳስተማረው ጠየቅሁት።

«አባቴ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ አንድ ቲቸር ነገራቸው ይሉ ነበር፣ በጣም የተማረ። ስሙን አይጠሩትም ነበር። በዚህ ከተማ ያለ ጋራዥ ሁሉ ከአባቴ ነው የተማረው።» እጁ ሥራ ላይ ነው፣ እኔን አያየኝም። «በአንድ ቀይ መኪና ሰበብ ታስረው ነበር፣ ሰምተው ይሆናል። መታሰራቸውን አያነሡትም ነበር። መኪናዋን ነበር የሚያነሡት። ‹ያቺን ያልፈታሁ ሰው መካኒክ አይደለሁም› ይሉ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ እንኳ እጄን ያዙና ‹ሞተሩ እየፈላ ራዲያተሩ ለምን ቀዘቀዘ?› አሉኝ። ትኩሳት ነው አልን።»

«አንተ ምን መለስህላቸው?»

«ምን እላለሁ ጋሼ? ፈጣሪ፣ ረቢ ነው የሚያውቀው አልኋቸው።»

ረቢ ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። አንድ ሌላ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያውቅ ነበር። አፌን ከፈትሁና መንገዱ እስከ ግቤ እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት። አንዋር የመኪናዬን ናስ አወጣት፣ በጨርቅ ጠቀለላት፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። «ይቺ የእርስዎ ድርሻ ናት። አባቴ ከመኪና የወጣ ዕቃ ጋራዥ አይደር ይሉ ነበር።»

የግቤን አቀበት ስወጣ ሦስት ጊዜ ፈላብኝ። በሦስተኛው ወርጄ የእጄን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ አሳረፍሁ። ቀዝቃዛ ነበር።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ናስ አለ። ለአንዋር ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቱንም ጥሩ ምሳሌ ሳገኝ ቀደድኋቸው። ደፋር ብሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር፤ አውቶቡስ እሳፈር ነበር። ስለዚህ እናንተን ነው የምለምነው። ጊንጆ ካለፋችሁ ጋራዡን ጠይቁ፣ አታጡትም። ግቡና ለአንዋር ንገሩት፤ አባቱ መኪናይቱን ፈትተዋት ነበር፤ ጥያቄያቸው ራሱ መልሱ ነበር፤ ያስጣላቸው ያ የተማረው ቲቸር ነው፣ እሱም ባለፈው ዓመት በርጩማቸው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሏል። ዘመኑ ነው ብላችሁ አታስታምሙኝ። ንገሩት።